ካምሪዋ የት ተወለደች?

ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ፍሬን ቢጮህ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የሚገናኙበት መብራት ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ይሰማል። የቆሻሻ መኪናው ያጓራል፣ አውቶቡሱ ያንኮራፋል፣ የሣር አጫጆቹ ፒክአፕ ከነተጎታቹ ያፏጫል። በዚህ ሁሉ መሃል የእኔዋ የ2005 ካምሪ ቀጭን ድምፅ ብታወጣ ሰፈሩ ምን ገዶት! የገደደው እኔን ነው።

ድምፁ ፔዳሉን ስረግጥ ይጠፋል፣ ስለቅ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው የሚሠራው። አዲስ የፍሬን ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ተበልቶ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ ጎኑ ላይ ያለች አንዲት የብረት ምላስ ዲስኩን ትነካና ትጮሃለች። ሰሚ ያጣች እንደሆነ ሸራው ጨርሶ ያልቅና የጀርባው ብረት ከዲስኩ ብረት ጋር ይፋጫል። ያኔ ሂሳቡ የሸራ መሆኑ ቀርቶ የዲስክ፣ ሲብስም የካሊፐር ይሆናል።

ለሸራዬ ማለቅ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባቡሩ ነው። ፐርፕል ላይን የሚሉት ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል የሚሄደው፣ 21 ጣቢያ ያለው ባቡር ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው። በ2020 ሥራ ተቋራጩ ጥሎ ወጣ፣ ሌላ ተቋራጭ እስኪገባ ዓመታት አለፉ፣ አሁን የመክፈቻው ቀጠሮ ከ2027 መጨረሻ እስከ 2028 መጀመሪያ ድረስ ተገፍቷል። እስከዚያው እኛ በብርቱካንማ ቀለም በተቀቡ ምልክቶች መሃል መኪናችንን አንድ እርምጃ ነድተን አንድ እርምጃ እንይዛለን። በሀይዌይ ላይ መቶ ማይል የነዳ ሰው ፍሬን የሚይዘው ስንት ጊዜ ነው? እኔ ከቤቴ እስከ ሪግስ ሮድ ስደርስ ከዚያ ይበልጥ ይዣለሁ።

የምንኖርባት ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ፍሬንህን የሚያይልህ የለም። ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በየዓመቱ መኪናውን አስመርምሮ መስተዋቱ ላይ ወረቀት ማስለጠፍ ግዴታው ነው። ዲሲ የግል መኪና የደኅንነት ምርመራን ከ2009 ጀምሮ ትታዋለች። ሜሪላንድ መሃል ላይ ናት፤ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ብቻ ታስመረምርና ከዚያ በኋላ አንተና ፈጣሪህ ታውቃላችሁ ብላ ትተውሃለች። ጭሱን በየሁለት ዓመቱ ትለካለች፤ መቆም መቻልህን ግን አትጠይቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁት። ሐበሻ መሃል ሕመምና መኪና ከተነሳ ሐኪም አይጠፋም።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ አሰብ ለእኛ ወደብ መሆኑ እስኪያበቃ፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ተጎታች ይዘው ተመላልሰዋል። ዛሬ የሚነዱት የልጃቸውን መኪና ነው፤ እሱም ከቤት እስከ ሐኪም ቤት። ግን ስለ ፍሬን ሲያወሩ ዓይናቸው ጣርማ በር ላይ ነው።

«ስማኝ ልጄ፣ ብረት ያለበትን ውሰድ» አሉኝ። «ዋሻውን ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ለስላሳ ሸራ ይጨስና ጥሎህ ይሄዳል። ሸራ ማለት ሲግል የሚይዝ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔኮ የምነዳው ላንግሊ ፓርክ ነው» ብላቸው፣

«ቁልቁለት መቼ እንደሚመጣ በምን ታውቃለህ?» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ።

አነጋገራቸው የፍልስፍና ይመስላል እንጂ ከበስተጀርባው ያለው ሂሳብ ነው። የፍሬን ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። እንደ እኔዋ ያለች 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ60 ማይል ፍጥነት ስትሄድ ቀጥ ብላ ብትቆም፣ የሚወጣው ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያፈላል፤ ለአንድ ጀበና ይበቃል ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ ጋሼ እንምጣ። 40 ቶን ይዞ 1,000 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ተጎታች ሁሉን ነገር በፍሬን ልያዝ ቢል ከ1,100 ሊትር በላይ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ሸራና ታምቡሮው ላይ ይራገፋል። ሸራው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ይጨሳል፣ መያዝ ይከዳል። የፍሬን ዘይትም ይፈላል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፣ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ዘይቱ ፈላ ማለት አረፋ ትረግጣለህ ማለት ነው፤ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ይሄዳል። የአባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረደ ሰው ሹፌሮች ለምን በከባድ ማርሽ እያጓሩ እንደሚወርዱ ያውቃል። ሸራ አይደለም የሚይዛቸው፤ ሞተሩ ነው።

የእህቴ ልጅ የጋሼን ነገር እየሰማ ይስቅ ነበር። እሱ ኢንፊኒቲ ጂ35 ይነዳል፤ ካሊፐሩን ቀይ ቀለም ቀብቶታል፣ ዲስኩ የተበሳሳ ነው። «አጎቴ፣ ፐርፎርማንስ ብሬክ ፓድ ግዛ፤ ስትነካው ቀጥ ነው» አለኝ። የሱ ሸራ ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነው። የውድድር ሸራ ጠባዩ ሳይግል አለመሥራቱ ነው። በጥር ወር ንጋት ላይ ኪዳን ለማድረስ ሲነዳ የመጀመሪያዎቹ መብራቶች ላይ እግሩ የሚንቀጠቀጠው በብርድ ብቻ አይደለም፤ ሸራው ገና አልነቃም። ካፖርት ለብሶ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ምን ቆርጦት የመኪና ሩጫ ሸራ ይገዛል? ይህን ግን አልነገርኩትም፤ እናቱ አጠገቤ ነበረች።

ሦስተኛው መካሪ ከአሌክሳንድሪያ የመጣ ወዳጄ ነው፤ ቀን ከሌት ሰው እያመላለሰ የሚያድር። እሱ ፕሪየስ ይነዳል። «እኔ ሸራ የሚባል ነገር ረስቻለሁ፤ መቶ ሺህ ማይል አልፎኛል» አለ፣ የሎተሪ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ኮራ ብሎ። አልዋሸም። ሃይብሪድ መኪና እግርህን ከነዳጅ ስታነሳና ፍሬን ስትነካ መጀመሪያ የምትያዘው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ሙቀት ሊሆን የነበረው ኃይል ወደ ባትሪ ይመለሳል፣ ሸራው የሚሠራው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2024 ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ጠባይ በኤሌክትሪክ መኪና እየለመደው ነው። ግን ወዳጄ ያልነገረኝ ነገር ነበር፤ በኋላ ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ያ ሥራ ፈት ሸራ ክረምት በመንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝጎ ካሊፐሩ ውስጥ ደርቆ ቀርቶበት፣ ለምርመራ ሲያቀርባት ፕሪየሷ ወድቃለች።

እንግዲህ ሦስቱም የመከሩኝ ስለ ራሳቸው እግር ነው። አንዱ ቁልቁለት ይፈራል፣ አንዱ ፍጥነት ያምረዋል፣ አንዱ ጭራሽ ፍሬን አይነካም። የእኔ እግር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የእኔ እግር በ25 እና በ35 ማይል መካከል ቀኑን ሙሉ ይይዛል ይለቃል። አልፎ አልፎ ቤልትዌይ ላይ በ55 ይወጣል። ትልቁ ቁልቁለቱ በኮልስቪል መንገድ በርንት ሚልስ ላይ ወንዙን ሲሻገር የሚያገኘው ነው፤ ጋሼ ቢያዩት ቁልቁለት ብለው ስሙን አይጠሩትም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ይበቃል። ስሙ ያታልላል እንጂ የሸክላ ስኒ አይደለም፤ ሙጫና የተለያየ ጭረት ተጋግሮ የተሠራ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ቸርኬውን በጥቁር አቧራ አያቆሽሽም፣ ዲስኩን አይበላም። ከፊል ብረት ያለበት፣ የጋሼው፣ ሙቀት ይችላል። ሲየና ቫኑን በሰባት ሰውና በሻንጣ ሞልቶ ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራራ የሚወጣ፣ ወይም ተጎታች የሚጎትት ሰው እሱን ቢገዛ አላማውም፤ ዋጋው ጫጫታና አቧራ ነው። ብረት የሌለበት ተራው ሸራ ርካሽና ለስላሳ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሻጮች የማይነግሩህ ነገር አለ። ድንገት ስትረግጥ መኪናዋን የሚያቆማት መጨረሻ ላይ ጎማው ነው። አንድ ጊዜ ኤቢኤሱ እግርህ ሥር መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሸራው የሚችለውን አድርጓል፤ ከዚያ በኋላ 200 ዶላር የሚያወጣ ሸራ በተላጨ ጎማ ላይ ገንዘብ መበተን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንድ መለዋወጫ መደብር ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ልጅ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሞዴሉን፣ ባለ ስንት ሲሊንደር እንደሆነች ጠየቀኝና ካርቶኑን አመጣ። ሸራውን አውጥቼ ጠርዙን አየሁት፤ እዚያ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚታተመው ነገር ሳጥኑ ላይ ከተሳለው ነበልባል ይልቅ ይነበባል። ሁለት ፊደሎች አሉ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ያለውን የመያዝ ኃይል ይነግርሃል፤ ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። የእኔው «ኤፍኤፍ» ይላል፤ ሳይግልም ጋለም ያው ነው ማለት ነው። «ኤፍኢ» ቢል ኖሮ ሲግል ይደክማል ብዬ እመልሰው ነበር። የቅጠል ምልክትና «ኤን» የሚል ፊደልም አለው፤ መዳቡ ከ0.5 በመቶ በታች ነው ለማለት። ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ በ2010 ያወጧቸው ሕጎች ናቸው ይህን ያመጡት፤ ከሸራ የሚረግፈው መዳብ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባና ዓሣ ይጎዳል። ሰፈራችን አጠገብ ያለው ኖርዝዌስት ብራንችም ወደ አናኮስቲያ ስለሚፈስ፣ ሳላስበው ለአናኮስቲያ ዓሦች አንድ ውለታ ዋልኩ።

መደብሩ ግቢ መኪና መጠገን ክልክል ነው የሚል ምልክት አለ። አፓርታማችን ግቢም እንዲሁ። አገሩ ሸራ ይሸጥልሃል፣ መቀየሪያ ቦታ ግን አይሰጥህም። ላንግሊ ፓርክ ለዚህ መፍትሔ ያበጀው ከጥንት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የግቢው አስተዳዳሪ ቤቱ ሲሄድ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ጋራዥ ይከፈታል።

ጎረቤቴ ከኤል ሳልቫዶር ነው። እኔና እሱ የምንግባባው ግማሽ በእንግሊዝኛ ግማሽ በእጅ ነው። ክሪክ አምጥቶ አነሳልኝ፣ ከሥሩ መደገፊያ አስገባን፣ ዳዶዎቹን ፈታን። የመጀመሪያ ልጁን፣ መኪና የሚጎትት ከመጣ እንዲጮህ፣ ጥግ ላይ አቆመው። አሮጌው ሸራ ወጣ፤ ውስጠኛው ጥፍር ያህል ቀርቶታል፣ ውጭኛው ገና ግማሽ አለው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ደርቀው ስለነበር አንዱ ወገን ብቻ ነው ሲሠራ የኖረው። ብዙ ሰው ሸራው መጥፎ ነው ብሎ የሚረግመው እዚህ ላይ ነው፤ ዘንጎቹ ካልጸዱና ለፍሬን የተሠራ ቅባት ካልተቀቡ የፈለግኸውን ሸራ ብትገዛ በአንድ ጎኑ ያልቃል። ጎረቤቴ አቧራውን በአፉ እፍ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ጋሼ በወጣትነታቸው ጋራዥ ውስጥ ታምቡሮ በአየር ሲነፋ ደመና ሆኖ ያዩት የነበረው አቧራ አስቤስቶስ ነበር። አሜሪካ ክራይሶታይል የሚባለውን ዓይነት የከለከለችው ገና በ2024 ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው።

አዲሱን ሸራ ስናስገባ አልገባም። ጎረቤቴ ገለበጠው፤ አልገባም። በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገው፤ አልገባም። ጆሮው ከማቀፊያው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይዞ አየና «ዲፈረንቴ» አለኝ። ይህችን ለማወቅ ስፓኒሽ አያስፈልግም።

መኪናዋ አንድ ጎማዋ ወልቆ ተሰቅላለች፣ መደብሩ ደግሞ በእግር የሚደረስ አይደለም። ሸራውን በፌስታል አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የፌስታሉን ክብደት አይተው ሥጋ ነው ብለው ይመስለኛል፣ ከየት እንደገዛሁ ጠየቁኝ።

መደብሩ ውስጥ አሁን ሌላ ሰው ነበር፤ ሸምገል ያለ፣ ጥፍሩ በግራሶ የጠቆረ፣ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ። ሸራውን አየና የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የት ነው የተወለደችው?»

እኔ እንኳ ላንግሊ ፓርክ ስኖር ይህ ጥያቄ አዲሴ አይደለም፤ በየቢሮው እጠየቃለሁ። ስለ መኪና ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ለካ የዚያ ዘመን ካምሪ ሁለት አገር ነው የምትወለደው፤ አንዷ ኬንታኪ ጆርጅታውን፣ ሌላዋ ጃፓን። ስማቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። ፍሬናቸው ግን ከተለያየ አቅራቢ ስለሚመጣ ሸራቸው አይገጣጠምም። መለያው የሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ 4 ከሆነ አሜሪካ፣ ጄ ከሆነ ጃፓን።

ጎረቤቴ ጋ ደወልኩ። መስተዋቱ ሥር ያለውን ቁጥር አንብብልኝ አልኩት።

«ሆታ» አለ።

«ምን?»

«ሆታ! ሆታ! ሃፖን!»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነበርና ሻጩ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ሰማና ሳቀ፤ እሱም የጎረቤቴ አገር ሰው ነው። «ጃፓን ናት» ብሎኝ ሌላ ካርቶን አወጣ፣ ልዩነት ሳያስከፍለኝ ቀየረልኝ። የዘንጉን ቅባትም ጨመረልኝ። ኬንታኪ ናት ብዬ ስኮራባት የኖርኳት መኪና እንደ እኛው ባሕር አቋርጣ የመጣች ሆና ተገኘች።

ስመለስ ጎረቤቴ ሌላኛውንም ጎማ አውልቆ፣ ዘንጎቹን አጽድቶ፣ መኪናዋ ላይ ተደግፎ ፑፑሳ ይበላ ነበር። ሸራው ጠቅ ብሎ ገባ። ዲስኩን ለካነው፤ ጀርባው ላይ የታተመው ዝቅተኛ ውፍረት ላይ ገና አልደረሰም፣ ቶርኖ ማስገባትም አላስፈለገም። ጋሼ በስልክ ነገሩን ሰምተው «ዘይቱንስ ቀየርክ?» አሉኝ፤ የአሰብ ሹፌር አይረሳም። ዘይቱ ቡና መስሎ ነበር፤ ቀየርነው።

የቀረው ማለማመድ ነው። አዲስ ሸራ እንደተገጠመ በደንብ አይይዝም። ባዶ መንገድ ላይ በ35 ማይል ትሄድና መጠነኛ አድርገህ እስከ 5 ማይል ትይዛለህ፣ ሳትቆም ትለቃለህ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነፋስ እንዲያገኘው ትነዳለህ፣ እንደገና ትይዛለህ። እንዲህ ስታመላልሰው ከሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይሰፍራል። በጋለበት ጠምደህ ብትቆም ሽፋኑ በአንድ ቦታ ይቆለላል። ብዙ ጊዜ «ዲስኬ ተጣመመ» ብለው መሪው እየተንቀጠቀጠባቸው ጋራዥ የሚመጡት እንዲህ ያደረጉት ናቸው።

እሑድ ንጋት ላይ ባዶ መንገድ አገኘሁና ጀመርኩ። እሄዳለሁ፣ እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። እሄዳለሁ፣ እይዛለሁ። ሰማያዊና ቀይ መብራት ከኋላዬ በራ።

ፖሊሱ ወጣት ነው። መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ነጠላዬን አየ። «ጌታዬ፣ ጠጥተዋል?» አለኝ።

«ቅዳሴ ልሄድ ነው፤ ውሃም አልቀመስኩ» አልኩት። ከዚያ ስለ ሸራው ጀመርኩ። ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ጃፓን፣ ስለ ዘንጎቹ ሁሉ ነገርኩት። ስለ አሰብ ልቀጥል ስል እጁን አነሳ።

«ሴራሚክ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም መኪናዬ ትጮሃለች» አለ፤ የፖሊሷን ሳይሆን የቤቱን ማለቱ ነው። «አኮርድ ናት። ስንት አወጣህ?»

ነገርኩት። ደብተሩን አውጥቶ የሸራውን ፊደል እንድደግምለት ጠየቀኝና ጻፈው። መብራቱን አጥፍቶ ሲሄድ ሰዓቱን አየሁ፤ ኪዳን ደርሶ ነበር፣ ማለማመዱ ግን ገና ግማሽ ነው። መኪናዋን አዙሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ረጅሙን መንገድ መረጥኩ።